የ240ዜድን ስም ለቀቅ አድርጉልን!

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ቪዲዮ ላከልኝ። ሌሊት ነው። አንድ ዲኤክስና አንድ ቪትዝ ማርሚታቸውን አውልቀው የደቻቱን ድልድይ ጎን ለጎን እየበረሩ ያልፋሉ። ዳር ላይ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን አቅፈው ከግንቡ ጋር ተለጥፈው ቆመዋል። ከቪዲዮው ሥር «የ240ዜድ ልጆች ነን» ይላል።

አቦ፣ ተዉ እንጂ! የማን ልጆች?

ዳትሰን 240ዜድ ስሟን ያገኘችው በጩኸት አይደለም። ባለ 6 ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር ሞተር አላት፤ ፈጣን ናት፣ አልክድም። ግን አፈ ታሪክ ያደረጋት እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ የሚጀመረውና የሚያልቀው የሳፋሪ ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ኤድጋር ሄርማን፣ በ1973 ደግሞ ሸካር ሜህታ አሸነፉባት። መንገዱ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ አቧራ፣ ድንጋይ፣ ጭቃ፣ ዝናብ ሲጥል ድንገት የሚሞላ ወንዝ። የ1998ቱን ክረምት ያየ የደቻቱ ሰው ደረቅ ወንዝ ድንገት ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ማስረዳት አያሻውም። እዚያ የሚያሸንፈው ነዳጅ የረገጠ ሁሉ ሳይሆን መኪናውን እስከ መጨረሻው በሕይወት ያደረሰ ነው። ሜህታ ሳፋሪን 5 ጊዜ አሸንፏል፤ 5 ጊዜ በዕድል የሚያሸንፍ ሰው የለም።

አሁን ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። «ቲቸር፣ ሳፋሪም እኮ ሕዝብ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነበር!» እውነት ነው፣ ነበር። ግን ቀኑ የታወቀ፣ መንገዱ የተነገረ፣ ዳኛ ያለው ውድድር ነበር። ከዚያም በላይ ራሱ ሳፋሪ ያንን ልማድ ትቶታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና ሲመለስ ፉክክሩ የተደረገው ለትራፊክ በተዘጋ መንገድ ላይ ነው። ሳፋሪ ያፈረበትን እናንተ በደቻቱ ልትጀምሩት ነው እንዴ?

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለማርሚታውና ለስቲከሩ ብር ያወጣ ልጅ የፍሬን ሸራውን መቼ ነው ያየው? ጎማው ተልጦ ሽቦው ሊወጣ የደረሰ መኪና በ100 ሲበር ጀግንነት የሚመስለው ላላስተማርኩት ሰው ነው። ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ነው ያልኩት፦ መኪና የሚነዳው መቆም ሲችል ብቻ ነው!

ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ ነው አልልም። ለኳስ ሜዳ እንደምንጠይቀው ሁሉ ለመኪና ስፖርትም አንድ የታጠረ ቦታ፣ ሄልሜትና አምቡላንስ ለመጠየቅ አፋችንን የከፈትን ትልልቆች አለን? የለንም። ልጁን «ዱርዬ» ብለን ገላገልን። ግን ቦታ አለመኖሩ ያቺን እናት ግንብ ላይ ለመለጠፍ ፈቃድ አይሆንም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ የ240ዜድ ልጅ መሆን የምትፈልጉ ቅዳሜ ጠዋት መኪናችሁን ይዛችሁ ኑ። ቤቴን ታውቁታላችሁ። ጎማ እንፈታለን፣ ፍሬን እናያለን፣ ሾክ እንፈትሻለን። ክፍያ የለም፤ ሻይ ብቻ ትጋብዙኛላችሁ። ከዚያ በኋላ ማመልከቻውን አብረን እንጽፋለን፣ ፊርማውን እኔ እጀምራለሁ።

ቪዲዮውን የለጠፍከው ልጅ፣ አንተ ደግሞ ቀድመህ ና።