ከአልጋው አጠገብ የነበረው ፒያኖ

አንድ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ነው። ከታዳሚው መካከል አንዲት ልጅ ተነሥታ ደራሲውን «የልብ ወለዱ ሐሳብ ከየት መጣልህ?» ብላ ጠየቀችው። ሰውየው ፈገግ አለ። ማይኩን ወደ አፉ ጠጋ አድርጎ «በሕልሜ ነው ያየሁት፤ ከዚያ ተነሥቶ መጻፍ ብቻ ነበር» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ልጅቷ ደብተሯ ላይ የሆነ ነገር ጫር ጫር አድርጋ ተቀመጠች።

ምን እንደጻፈች አላየሁም። እኔ ግን በእሷ ዕድሜ ይህንኑ መልስ ሰምቼ ምን እንዳደረግኩ አውቃለሁ። ትራሴ ሥር ደብተርና እስክሪብቶ አስቀምጬ ሁለት ዓመት ጠበቅኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ! ያየሁት ሕልም ቢሰበሰብ ፈተና ያረፈደበት ተማሪ፣ ጫማው የጠፋበት ሰው፣ የማላውቀው ሰው ሠርግ ነው። አንድ ሌሊት ግን የዓለምን ምሥጢር የሚፈታ ሐሳብ መጣልኝና በጨለማ ጻፍኩት። ጠዋት ሳነበው «ድንቹ ያውቃል» ይላል። ድንቹ ምን እንደሚያውቅ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ጠቤ ከሕልም ጋር አይደለም፤ ከሕልም ወሬ ጋር ነው። በየቴሌግራም ቻናሉ የምትዞር ጽሑፍ አለች፣ ታውቋታላችሁ፤ «በሕልም የተገኙ ታላላቅ ፈጠራዎች» የምትለዋ። መጀመሪያ ላይ ሁሌም ፖል ማካርትኒ አለ። «የስተርዴይ» የተባለውን ዘፈን ዜማ በሕልሙ ሰምቶ ተነሣ ትላለች። እውነት ነው፣ ራሱ ነው የተናገረው። ጽሑፏ የምትዘለው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው፦ ከአልጋው አጠገብ ፒያኖ ነበረ።

ልጁ ያን ጊዜ የሚኖረው ለንደን ውስጥ፣ የፍቅረኛው ቤተሰብ ቤት ነው። የፍቅረኛው እናት ሙዚቃ አስተማሪ ነበሩ። የእሱም አባት በወጣትነታቸው የጃዝ ባንድ መሪ ነበሩ። እሱ ራሱ ገና ልጅ እያለ ሐምቡርግ ክለቦች ውስጥ በየሌሊቱ ለሰዓታት የሰው ዘፈን ሲጫወት ከርሟል። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ሲተኛ ዜማ ባያልም ነበር የሚገርመው። ከዚያም በኋላ ነገሩ አላለቀም። «ይቺን ዜማ ከማን ሰርቄ ይሆን?» እያለ ያገኘውን ሰው ሁሉ ሲጠይቅ ሰነበተ። ግጥም ስላልነበራት ስለ እንቁላል ፍርፍር በሚያወራ ማሟያ እያንጎራጎራት ቆየ። የተቀረጸችው ሰኔ 1965 እ.ኤ.አ. ነው። «ተነሥቶ መጻፍ ብቻ» የሚባል ነገር የለም።

የኦቶ ሎዊ ታሪክ ደግሞ የባሰ ነው፣ ለእኔ ግን ከሁሉም ይጥመኛል። ኦስትሪያ፣ ግራዝ ከተማ ውስጥ ያለ ሳይንቲስት ነው። ሌሊት ነቅቶ አንድ ሐሳብ ወረቀት ላይ ጫረና ተመልሶ ተኛ። ጠዋት የገዛ ጽሑፉን ማንበብ አቃተው። የእሱም ድንች ነበር ማለት ነው! በማግሥቱ ሌሊት፣ በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ላይ፣ ሐሳቡ ተመልሶ መጣ። አሁን ግን አልጻፈውም፤ ተነሥቶ ወደ ላቦራቶሪው ሄደ። ሁለት የእንቁራሪት ልቦች ወሰደ። የአንደኛውን ነርቭ ሲነካካ ልቡ ዝግ አለ። የዚያን ልብ ፈሳሽ ወስዶ ሁለተኛው ላይ ሲጨምረው እሱም ዝግ አለ። ነርቭ መልእክቱን በኬሚካል እንደሚያስተላልፍ የታወቀው በዚህ ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። የሐሳቡ ፍሬ ግን ከዚያ ሌሊት 17 ዓመት ቀደም ብሎ በጭንቅላቱ ነበረ። እኔና ሎዊ የምንለያየው በሕልም አይደለም። እሱ 9 ሰዓት ላይ ተነሥቶ የሚሄድበት ላቦራቶሪ ነበረው።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? «በሕልሜ አየሁት» የሚል ሰው ትሑት ይመስላል። «እኔ ምንም አላደረግኩም፣ ተሰጠኝ» እያለ ነው። ገልብጣችሁ ስታዩት ግን «እኔ ተመርጫለሁ፤ አንቺ ካልመጣልሽ አልተመረጥሽም» ማለት ነው። ሥራ ነው ቢላት ልጅቷ ልትሠራው ትችላለች። ሕልም ነው ሲላት ምን ታድርግ? ትተኛ?

ለመሆኑ የት ትተኛ? ከሁለት እኅቶቿ ጋር አንድ አልጋ የምትጋራ፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖር ልጅም እኮ 9 ሰዓት ላይ ትነሣለች። ቧንቧው ሲያንኮራፋ ጀሪካን ልትደረድር። ሎዊም እሷም በአንድ ሰዓት ነቁ፤ አንዱ ወደ ላቦራቶሪ፣ አንዷ ወደ ቧንቧ። የሕልም ወሬ ይህን ልዩነት ድምጥማጡን ያጠፋዋል። ክፍሉን፣ ጊዜውን፣ ፒያኖውን ከታሪኩ አውጥቶ ተአምሩን ብቻ ይተዋል።

ይህ አመል የፈረንጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የቅኔ ተማሪ ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፣ መጥቶ መምህሩ ፊት ይነግራል፣ መምህሩ ያርሙታል፣ ተመልሶ ይቆጥራል። ከውጭ ያለው ሰው ግን «አብሾ ጠጥቶ ነው» ይላል። የልጁን ስንት ዓመት ለአንድ ቅጠል ሰጠው! የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ያቆዩልን አባቶች እንኳ እንዲህ አልቸኮሉም። ከሰማይ የመጡትን ሦስት ወፎች ከመንገራቸው በፊት ዛፍ ለመውጣት እየወደቀች የምትነሣዋን ትል ነግረውናል።

«ታዲያ ሕልም ዋጋ የለውም?» የምትሉኝ ካላችሁ፣ አልወጣኝም። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የፓሪስ ጥናት አለ። ሰዎችን የተደበቀ አቋራጭ ያለው የሒሳብ ጥያቄ አሠሯቸው፤ ከዚያ 20 ደቂቃ አሳረፏቸው። እንቅልፍ ጫፍ ላይ፣ ቢያንስ ለ15 ሰከንድ ያህል፣ ሸለብ ካደረጋቸው ውስጥ 83 በመቶዎቹ አቋራጩን አገኙት። ነቅተው ከቆዩት 30 በመቶ፣ ጠለቅ ብለው ከተኙት ደግሞ 14 በመቶ ብቻ። ሸለብታ ይሠራል ማለት ነው፤ እኔ ራሴ ከምሳ በኋላ በደስታ እሳተፋለሁ። ነገር ግን ሁሉም ጋደም ከማለታቸው በፊት ጥያቄው ላይ ሲለፉ ነበር። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ይባል የለ? ፈቺው ባዶ እጁን ከተኛ ድንቹን ይዞ ይነሣል።

ትራሴ ሥር የነበረውን ደብተር ጠረጴዛ ላይ ያወጣሁት በሦስተኛው ዓመት ነው። ጠረጴዛ ስል የእናቴ የልብስ ስፌት ማሽን ክዳን ነው፤ እሷ ከሥራ እስክትመለስ ድረስ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል የእኔ ነበር። እዚያ ላይ የጻፍኩት የመጀመሪያው አጭር ልብ ወለድ አስቀያሚ ነበር። ግን መጨረሻ ነበረው።

በሚቀጥለው የመጽሐፍ ምረቃ ላይ እጄን አወጣለሁ። ስለ ሕልሙ አልጠይቅም። ስንት ረቂቅ ቀድዶ እንደጣለ፣ በስንት ሰዓት እንደሚጽፍ፣ የቤት ኪራዩን ከምን እንደሚከፍል፣ እሱ ሲጽፍ እራቱን ማን እንደሚሠራ እጠይቀዋለሁ። ማይኩን ካልነጠቁኝ።