ፍተሻው ሊሾው ላይ ያበቃል

ሕንድ ውስጥ፣ በጉጃራት ግዛት አላንግ በሚባለው የባሕር ዳርቻ፣ መርከብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ጭቃ ላይ ነው። ከጭቃው ከፍ ብሎ የሲሚንቶ ሊሾ አለ፣ ክሬን አለ፣ አስቤስቶስ የሚራገፍበት የተዘጋ ክፍል አለ፤ ሠራተኛውም ሄልሜትና ጓንት አድርጎ ይታያል። የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ዞሮ የሚያየው በአብዛኛው ይህንን ነው። የመርከቡ አካል ግን ከሊሾው ወዲያ፣ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ በሚያጥበው መሬት ላይ ተጋድሟል። ዘይቱም፣ የቀለሙ ቅርፊትም፣ ከብረቱ ጋር የሚቃጠለውም ሁሉ መጀመሪያ የሚወድቀው እዚያ ነው። እኔ የመርከብ መሐንዲስ ነኝ። ጭቃውን ያልረገጠ ሰው ለመርከብ ማፍረሻ የምስክር ወረቀት መስጠት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩን አሁን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የተፈረመው የሆንግ ኮንግ ስምምነት 16 ዓመት ቆይቶ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. (2025 እ.ኤ.አ.) በሥራ ላይ ውሏል። በስምምነቱ መሠረት አንድ መርከብ በላዩ ያሉትን አደገኛ ነገሮች የሚዘረዝር ሰነድ መያዝ አለበት፤ አፍራሹም መርከቡን እንዴት እንደሚያፈርስ አስቀድሞ ዕቅድ ያቀርባል፤ መንግሥት ፈትሾ ፈቃድ ይሰጣል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ስምምነቱ መርከብን ዳርቻ ላይ አውጥቶ ማፍረስን አይከለክልም፤ ከማፍረሻው በር የወጣውን ቆሻሻም እስከ መጨረሻው አይከተልም። ከዚህ ሌላ፣ ስምምነቱ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ብዙዎቹ ማፍረሻዎች «ደረጃውን አሟልተዋል» የሚል ወረቀት ያገኙት ራሳቸው ቀጥረው ከከፈሏቸው የመርከብ ምደባ ድርጅቶች ነው። ውሻ በበላበት ይጮሃል፤ ተቆጣጣሪውን የሚያበላው ማን እንደሆነ ሳንጠይቅ በወረቀቱ ልንረካ አይገባም።

አላንግ እ.ኤ.አ. በ1983 ለዚህ ሥራ የተመረጠው በባሕሩ ጠባይ የተነሣ ነው። በካምባት ባሕረ ሰላጤ ባሕሩ ሲሞላና ሲሸሽ ያለው የከፍታ ልዩነት 10 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጨረቃ ሙሉ በሆነች ወይም አዲስ በምትወለድበት ሰሞን ባሕሩ ከሌላው ጊዜ አብልጦ ይሞላል። መርከቡ በዚያች ሰዓት በሙሉ ኃይሉ ወደ የብስ ይነዳል፤ ውኃው ሲሸሽ ያ ሁሉ ብረት ጭቃ ላይ ይቀራል። ደረቅ መትከያ መገንባት አያስፈልግም። ርካሽነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቁጥጥሩን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ የሥራው ቦታ የቀኑን ግማሽ ያህል ውኃ ስር ይውላል፤ ባሕሩም ተመልሶ በመጣ ቁጥር ማስረጃውን ይዞት ይሄዳል።

የድንጋይ ከሰልና እህል ሲያመላልስ ያረጀ አንድ የጭነት መርከብ ወደዚያ ሲሄድ በሞተር ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። መርከቡ በሙያው «ካሽ ባየር» ለሚባለው፣ አሮጌ መርከብ በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ ለአፍራሾች ለሚሸጥ ነጋዴ አስቀድሞ ተሽጧል። ከስሙ ፊደሎች ከፊሉ በቀለም ተሸፍነው አዲስ አጭር ስም ወጥቶለታል፤ ሰንደቅ ዓላማውም ተቀይሯል። ለዚህ የመጨረሻ ጉዞ እንደ ኮሞሮስ፣ ፓላው፣ ሴንት ኪትስና ኔቪስ ያሉ አገሮች ምዝገባ የተለመደ ነው። ወደ ዳርቻው ስንጠጋ እኛን የሞተር ክፍል ሰዎችን የሚያስጨንቀን የማቀዝቀዣ ውኃ ነው። ባሕሩ ጭቃ ስለሚሆን የውኃ መሳቢያዎቹ ይደፈናሉ፤ ስለዚህ ጄኔሬተሩ እንዳይጠፋ አስቀድመን በታንክ ወደያዝነው ውኃ እንቀይረዋለን። ያ መደፈን ብቻውን ብዙ ይናገራል። መርከቡ ገና ሳይቆረጥ፣ የቆመበት ነገር ባሕር ይሁን መሬት መለየት አይቻልም።

ከዚያ አስቀድሞ፣ መልሕቅ ጥለን ሳለን፣ ተቆጣጣሪዎች በጀልባ መጥተው ነበር። የጉምሩኩ፣ የብክለቱ፣ የጨረራ ደኅንነቱ እያሉ ተራ በተራ ይመጣሉ። አብዛኛው ጊዜያቸው ያለፈው ከካፒቴኑ ጋር ወረቀት ሲያገላብጡ ነው። የአደገኛ ነገሮች ዝርዝሩ በሚያምር ጥራዝ ተዘጋጅቷል። በዚያ ጥራዝ ውስጥ ቧንቧ ሲገጣጠም እንዳያፈስ መካከሉ ስለሚገባው ማሸጊያ፣ ስለ ጋርኒሲዮን፣ የተጻፈው «አስቤስቶስ የለበትም» የሚል ነበር። እኛ ግን ከመለዋወጫ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ፣ ምን እንደሆነ የሚገልጽ አንድም ወረቀት የሌለው አሮጌ ጥቅል ሉክ ነበረን፤ የእንፋሎት ቧንቧ መገጣጠሚያ ባፈሰሰ ቁጥር ከእሱ ቆርጠን ስናስር ኖረናል።

ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱ ግን ወደ ታች ወረደ። ዋናውን መሐንዲስ አልፎ፣ ዘይት የሚያጠጣውንና ወለል የሚጠርገውን ረዳት ጠየቀው፦ የትኛው ቧንቧ ነው የሚያፈሰው? ዝቃጩ ተጠርጎ የማይወጣው ከየት ከየት ነው? ልጁ የወለሉን ብረት አንሥቶ፣ በፕላኑ ላይ «ባዶ» ተብለው የተጻፉ ቦታዎችን እያሳየ ወሰደው። ተቆጣጣሪው መደርደሪያው ላይ ያለውን ጥቅልም አይቶ ናሙና ቆረጠ። ከላይ ከጥራዙ ያልተገኘው ነገር ከታች ከአንድ ሠራተኛ አፍ ተገኘ። ፍተሻ ማለት ይህ ነው። አንድ ሰው በራሱ ትጋት ስላደረገው ግን ሥርዓት ሆኗል ማለት አንችልም።

ዝርዝሩ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል የሁለት እኅትማማች መርከቦች ታሪክ በደንብ ያሳያል። ፈረንሳይ «ክሌማንሶ» እና «ፎሽ» የተባሉ፣ በአንድ ንድፍ የተሠሩ ሁለት የጦር አውሮፕላን ተሸካሚዎች ነበሯት። ክሌማንሶ በ2005 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሊፈርስ ወደ አላንግ ጉዞ ጀመረ። በላዩ የቀረው አስቤስቶስ ስንት ቶን እንደሆነ ግን ሻጩ መንግሥትና የመጀመሪያውን የማጽዳት ሥራ የሠራው ኩባንያ ሊስማሙ አልቻሉም። ጉዳዩ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በየካቲት 2006 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሺራክ መርከቡ እንዲመለስ አዘዙ። በመጨረሻ የፈረሰው እንግሊዝ አገር ሃርትልፑል ውስጥ ነው፤ የወጣለት አስቤስቶስም በመቶዎች ቶን የሚቆጠር ነበር። እኅቱ ፎሽ ለብራዚል ተሸጦ «ሳኦ ፓውሎ» ተብሎ ነበር። እሱ በ2022 እ.ኤ.አ. እንዲፈርስ ወደ ቱርክ ሲላክ ከሰነዱ ላይ የሰፈረው አስቤስቶስ 10 ቶን እንኳ አይሞላም። አንድ ንድፍ፣ አንድ አገር፣ አንድ ዘመን፤ ቁጥሩ ግን አይገናኝም። ቱርክ ፈቃዷን ሰረዘች። መርከቡ ወደ ብራዚል ቢመለስም የሚቀበለው ወደብ አጣ፤ የአገሪቱ ባሕር ኃይል የካቲት 3 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ አሰጠመው። ገና ብራዚል ወደብ ላይ ሳለ ክፍል በክፍል ናሙና ተወስዶ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ መርዝ ባሕር ላይ ሲንከራተት ባልከረመ ነበር።

ስለ ፍንዳታም ዝም ማለት አልችልም። ኅዳር 1 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ፓኪስታን፣ ጋዳኒ ውስጥ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ሲቆረጥ ፈንድቶ ከ25 በላይ ሠራተኞች አለቁ። ጳጉሜ 2 ቀን 2016 ዓ.ም. (2024 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ባንግላዴሽ፣ ቻቶግራም አጠገብ ሲታኩንዳ ላይ በሌላ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ውስጥ ፍንዳታ ተነሥቶ ቢያንስ ስድስት ሰው ሞተ። ያ ማፍረሻ ደረጃውን አሟልቷል ተብሎ ወረቀት ያገኘ ነበር። ታንክ ውስጥ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህ እንዴት እንደሚሆን ይገባዋል። ጠዋት በመሣሪያ ስትለካ አየሩ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ኦክሲጅኑ 21 በመቶ፣ ተቀጣጣይ ጋዝም የለ። ነገር ግን በዝገቱ ስር የቀረ ዝቃጭ አለ፤ የመቁረጫው እሳት ብረቱን ሲያግለው ያ ዝቃጭ ጋዝ መልቀቅ ይጀምራል። ጠዋት የተፈረመው ወረቀት ከሰዓት በኋላ ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ «ጋዝ የለም» የሚለው ሰርተፍኬት ፋይል ውስጥ መኖሩን ብቻ የሚያይ ተቆጣጣሪ ምንም አላየም። ማየት ያለበት መለኪያው በማን እጅ እንዳለ፣ ያ ሰው ሥራ የማስቆም ሥልጣን እንዳለው፣ ካስቆመስ የዕለት ክፍያው ይቆረጥ እንደሆነ ነው።

አስቤስቶስ ደግሞ እንደ ፍንዳታ ድምፅ የለውም። ብናኙን የሳበ ሰው በሽታው የሚገለጥበት ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ነው። አላንግ ውስጥ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ከሌሎች የሕንድ ግዛቶች፣ ከኦዲሻ፣ ከቢሃርና ከኡታር ፕራዴሽ፣ የመጡ ናቸው፤ ሲታመሙ ወደ ትውልድ መንደራቸው ይመለሳሉ። ሳንባቸው የተጎዳው መርከብ ሲቆርጡ መሆኑን የሚመዘግብ ሐኪም እዚያ የለም። ስለዚህ የማፍረሻው የጤና መዝገብ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። የሠራተኛን ስም፣ የሠራበትን መርከብና የተመረመረበትን ቀን ለዐሥርት ዓመታት የሚይዝ መዝገብ ከሌለ፣ «ባለፈው ዓመት የሙያ በሽታ አልተመዘገበም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ተቆጣጣሪውን ሊያስቆጣው ይገባል።

እነዚህ ማፍረሻዎች ይዘጉ የሚል ሐሳብ የለኝም። ከአሮጌ መርከብ የማይጠቅም ነገር ጥቂት ነው፤ ብረቱ ፌሮ ይሆናል፣ ሞተሩ፣ ፓምፑ፣ አልጋው፣ የወጥ ቤት ዕቃው ሳይቀር ገዢ ያገኛል። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ይበሉበታል። በአላንግም ባለፉት ዓመታት ብዙ ገንዘብ ፈስሶ ሊሾው ተሠርቷል፣ ክሬኑ ተገዝቷል፤ ይህን ያደረጉ ባለንብረቶች ምስጋና ይገባቸዋል። ባንግላዴሽ ውስጥ ጠበቃዋ ሰይዳ ሪዝዋና ሐሰን በድርጅታቸው በኩል ክስ መሥርተው፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ የአካባቢ ፈቃድ የሌላቸው ማፍረሻዎች እንዲዘጉ ሲያዝዝ፣ ሥራው አልሞተም፤ አሁንም አለ። ጥብቅ ቁጥጥር ሥራ ያጠፋል የሚለው ክርክር በዚያው አገር ተፈትኖ ወድቋል።

የአውሮፓ ኅብረትም የፈቀደላቸውን ማፍረሻዎች ዝርዝር አውጥቷል፤ የአባል አገሮቹን ሰንደቅ የሚያውለበልብ መርከብ በዚያ ዝርዝር ባለ ማፍረሻ ብቻ እንዲፈርስ ያስገድዳል። የኅብረቱ ፈታሾች አመልካች የሆኑ የአላንግ ማፍረሻዎችን ሄደው አይተዋል፤ የቱርክ አልያጋ ማፍረሻዎች ዝርዝሩ ውስጥ ሲገቡ የደቡብ እስያ ዳርቻዎች ግን አልገቡም። ይሁን እንጂ ባለ መርከቡ ከመሸጡ በፊት ሰንደቁን ከቀየረ ሕጉ አይደርስበትም። ለደቡብ እስያ ቢሸጥ የሚያገኘው ትርፍ ለአንድ ትልቅ መርከብ በሚሊዮን ዶላር ስለሚቆጠር የሰንደቅ ለውጡ ወጪ ምንም አይደለም።

ስለዚህ የፍተሻው ወጪ ከአፍራሹ ኪስ መውጣቱ ይቅር። ባለ መርከቡ መርከቡን ሲያሠራ በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ ለማፍረሻው እያጠራቀመ ገለልተኛ ቋት ውስጥ ያስቀምጥ፤ ተቆጣጣሪውም ከዚያ ይከፈለው። የሚመጣበት ቀን አይነገር፤ ሰዓቱንም ቢሮው ሳይሆን የባሕሩ መሸሽ ይወስን። ቦት ጫማ አድርጎ ጭቃው ውስጥ ይግባ፤ ከመርከቡ ስርና ራቅ ካለ ቦታ የአፈር ናሙና ይውሰድ፤ ውጤቱ የዳርቻው ዓሣ አጥማጆች ሊያነቡት በሚችሉት ቋንቋ ይለጠፍ። ሠራተኛውንም ፎርማኑ በሌለበት፣ ማታ በሚያድርበት ቤት ሄዶ ያነጋግረው።

ለኛ አገር ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ባሕር ዳር ከተማ የሠለጠኑ ወጣት መሐንዲሶች ዛሬ በብዙ አገር መርከቦች ላይ ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹ እንደ እኔ መርከብን ወደ መጨረሻው ዳርቻ ይነዳሉ። የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስም ቻይና ውስጥ አሠርቶ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተረከባቸው መርከቦች አሉት። የአንድ መርከብ ዕድሜ 25 ወይም 30 ዓመት ነው፤ የሚሸጡበት ጊዜ በዚህ ትውልድ ይደርሳል። በመርከብ ላይ አስቤስቶስ መግጠም ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈጽሞ የተከለከለ ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላ በተሠሩ መርከቦችም መገኘቱ በሙያችን የታወቀ ነው። ድርጅቱ እያንዳንዱ መርከብ በላዩ ምን እንዳለበት አሁኑኑ፣ በናሙና፣ በገለልተኛ ቤተ ሙከራ ያስመርምር። በሽያጭ ውሉም ውስጥ የት እንደሚፈርስ ይጻፍ፤ ገዢው ያንን ቦታ ቢቀይር የሚከፍለው ቅጣት ከሚያተርፈው በላይ እንዲሆን ይደረግ።