ጉርድ ሾላን ለመጠበቅ ከየካ ተራራ መጀመር ያሻል

የአንድ አካባቢ ታሪክ ብዙውን ጊዜ በስሙ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ጉርድ ሾላ የተጎረደ ሾላን ያስታውሳል። ዛሬ አካባቢው ሕንፃ የሞላበት፣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮም የከተማ ባቡር ያለፈበት ነው። ይሁን እንጂ መሬቱ ከተማ ቢሆንም ውሃው እንደ ጥንቱ ከተራራ ወደ ሜዳ ይወርዳል። ስለሆነም የታችኛውን ለማልማት የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ ወደ ላይኛው መመልከት ይኖርበታል።

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖረው፣ ግርጌው ያለው ሜዳ ወደ 2,400 ሜትር ዝቅ ይላል። ጫፉ ውሃ ከፋይ ነው፤ በሰሜን የወረደው በሙገር በኩል ዓባይን፣ በደቡብ የወረደው በአቃቂ በኩል አዋሽን ይቀላቀላል። የክረምቱ ዝናብ በገደሉ ላይ የሚያዝበት ካላገኘ አፈሩን ጠርጎ ወደ ታች ይወስደዋል።

በየካ ተራራ ላይ ከዐለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አካባቢው ከመዲናይቱ በፊትም ባለታሪክ እንደነበረ ይመሰክራል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ግን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ሲባል የዙሪያው ደን ተመናመነ። የእንጨት እጥረቱ ከመጽናቱ የተነሣ አፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። መዲናይቱን በቦታዋ ካጸኗት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው።

ዛሬ ባሕር ዛፍን መውቀስ ተለምዷል። ነገር ግን ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ፣ ለገበሬውም እንደ ቁጠባ የሚያገለግል ዛፍ በጅምላ ሊኮነን አይገባም። ጥፋቱ የሚመጣው ያለ ቦታው ሲተከልና የረገፈው ቅጠል ሁሉ ተጠርጎ ሲወሰድ ነው። ቅጠሉ ሲነሣ አፈሩ ራቁቱን ይቀራል፤ የዝናቡ ጠብታም በቀጥታ ያርፍበታል።

ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱት ደግሞ ሴቶች ናቸው። ይህን የሚያደርጉት ለዕለት ጉርስ ነው። እነርሱን በጥበቃ ከማባረር ይልቅ ሌላ መተዳደሪያ መስጠት ይበጃል።

ለዚህ ጥሩ ትምህርት የሚሆነው ከራሱ ከጉርድ ሾላ ይገኛል። በዚያ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከሌሎች ተቋማት ጋር በመሆን፣ ውሃ ለሚያቁር የመረሬ አፈር መደብና ቦይ ማውጫ ባዘጋጀበት ጊዜ የተነሣው ከገበሬው ከራሱ ማረሻ ነበር። ባለመሬቱ በሚያውቀው መሣሪያ ላይ የተመሠረተ ሥራ ለመልመድ ይቀልላል።

በተራራውም ላይ እንዲሁ መሆን አለበት። በገደላማው ሥፍራና በወንዝ ዳር ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ቀስ በቀስ ይተኩ። ቦረቦሩ በድንጋይ ክትር፣ ተዳፋቱ በእርከን ይያዝ። ባሕር ዛፉ ደልዳላ በሆነው ቦታ ይቆይ። የችግኝ ጣቢያውና የእንክብካቤው ሥራ በቅድሚያ ተራራውን ጠንቅቀው ለሚያውቁት እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ይሰጥ።

ችግኝ መትከል ብቻውን በቂ አይደለም፤ የሚጠብቀው ሰው እንጀራ ካላገኘበት የተተከለው ተመልሶ ማገዶ ይሆናል። ተራራው ልብሱን ሲለብስ ሜዳውም ከጎርፍ ያርፋል።