የጨቅላ ሕፃናት ሕመምና የግርዛት ማደንዘዣ

በኢትዮጵያ በርካታ ወንድ ሕፃናት በተወለዱ በስምንተኛው ቀን ይገረዛሉ። በቤት ውስጥ የሚፈጸመው ግርዛት ብዙውን ጊዜ ያለ ማደንዘዣ ነው። ጨቅላ ሕፃን ሕመም አይሰማውም የሚለው እምነት እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሐኪሞች ዘንድ ጭምር ሰፍኖ ቆይቷል። በ1997 (እ.ኤ.አ.) ካናዳ ውስጥ ይፋ የሆነ ጥናት ግን ያለ ማስታገሻ የተገረዙ ሕፃናት በ4 ወይም በ6 ወር ዕድሜያቸው ሲከተቡ ካልተገረዙት ይበልጥ እንደሚያለቅሱ አሳይቷል።

ማስታገሻው ውስብስብ አይደለም። ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ በሠለጠነ ባለሙያ በብልቱ ሥር በመርፌ ይሰጣል፤ መጠኑም በሕፃኑ ክብደት ይሰላል። የሚያደነዝዝ ቅባት ከተመረጠ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ አስቀድሞ መቀባት ይኖርበታል፤ ሊገረዝ ሲል የተቀባ ቅባት እምብዛም አይጠቅምም። የእናት ጡትም ሆነ በጤና ባለሙያ የሚሰጥ ጥቂት የስኳር ውሃ ሕፃኑን ያረጋጋል እንጂ ማደንዘዣን አይተካም።

ስለሆነም ወላጆች ቀጠሮ ሲይዙ የትኛው ማደንዘዣ፣ መቼ እንደሚሰጥ መጠየቅ ይገባቸዋል። ያለ ጊዜው ለተወለደ ወይም ለታመመ ሕፃን ስምንተኛው ቀን ሊጠበቅ አይገባም፤ ግርዛቱ ባለሙያ እስኪፈቅድ ይዘገያል። የሴት ልጅ ግርዛት ግን በማደንዘዣ ቢፈጸምም በሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።