በሰማይ ላይ ስለ ማላከክ

መሬት በተንቀጠቀጠ ጊዜ፣ ዝናብ በቀረ ጊዜ፣ ወይም ጎርፍ ቤት በወሰደ ጊዜ «ከላይ የመጣ ነው፤ ምን ይደረጋል?» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ በአገራችን እንደ ትሕትና ተቈጥሯል። እኔ ግን ይህ አነጋገር ትሕትና ሳይሆን ስንፍና ነው፤ የራስን ጥፋት በፈጣሪ ላይ ማላከክ ነው እላለሁ። ይህንንም የምናገረው ለእናንተ ለወጣቶቹ ነው። ነገ ቤት የምትሠሩት፣ ልጅም የምታሳድጉት እናንተ ናችሁና።

አስቀድመን የነገሩን ምክንያት እንመልከት። ከአሰላ ተነሥተን ወደ ኦጎልቾ ስንወርድ የጭላሎ ብርድ ከኋላችን ይቀርና የዝዋይ ሐይቅ አገር ሙቀት ይቀበለናል። ቁልቁለቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እንዴት እንደ ተፈጠረ የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን። የምንወርደው በምድር ስብራት ላይ ነው። የአፍሪካ ምድር በዚህ ስምጥ ሸለቆ ለሁለት እየተከፈለች በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ትለያያለች። የአርሲ ደጋ ከምሥራቁ ወገን፣ የጉራጌ ተራራ ከምዕራቡ ወገን ነው። ድንጋዩ ለብዙ ዘመን ሲወጠር ይኖርና አንድ ቀን ይሰበራል፤ ያን ጊዜ ምድር ትናወጣለች። ስብራቱ ከባሕር በታች ሆኖ የባሕሩን ወለል በድንገት ያነሣው እንደ ሆነ ደግሞ ውሃው ተነሥቶ ሱናሚ ይሆናል። እንግዲህ ምድር የምትናወጠው የአንዱ ቀበሌ ሰው ከሌላው ይልቅ ስለ በደለ አይደለም።

ነገር ግን መከራ የደረሰበትን ሁሉ «ኃጢአቱ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህን ሰዎች ስለ ጎፋ እጠይቃቸዋለሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከብርቱ ዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤቱ ሁሉ በዶማና በእጁ ጭቃውን እየቈፈረ የተቀበሩትን ሊያወጣ በተሰበሰበበት ሰዓት ተራራው እንደ ገና ተናደና አዳኞቹንም ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ባልንጀራውን ሊያድን እየቈፈረ የሞተውን ሰው ኃጢአተኛ የሚል፣ በቤቱ ተቀምጦ የሚፈርደው እርሱ ማን ነው? ከዚህ መከራ የምንማረው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ፍቅር ዕውቀት ያስፈልገዋል። አንድ ጊዜ የተናደ ገደል ዳግመኛ እንደሚናድ ያወቀ ሰው፣ ሊቈፍር ሲሄድ ተራራውን የሚመለከት ጠባቂ ያቆማል።

የምድር መናወጥ ከሰው እጅ ውጭ ነው፤ ጥፋቱ ግን እንዲሁ አይደለም። በሜዳ ያለ እረኛ ምድር ብትናወጥ ይደነግጣል እንጂ እምብዛም አይሞትም። የሚገድለው የሚወድቀው ግድግዳ ነው፤ ግድግዳውንም የሠራው ሰው ነው። የአባቶቻችን የእንጨትና የጭቃ ቤት ግድግዳው ቢሰነጠቅ እንኳ ማገሩ አያይዞ ያቆየዋል። ዛሬ ግን ብሎኬት እንደረድራለን፤ ለማእዘኑ የሚገባውን ፌሮ እንቈጥባለን፤ በሲሚንቶው ላይ አሸዋ እናበዛለን፤ ከዚያም ዘመናዊ ቤት ሠራን እንላለን። ፌሮ የሰረቀ ግንበኛ ብረት ብቻ የሰረቀ አይምሰለው፤ ከግድግዳው ሥር የሚተኛውን ሕፃን ዕድሜ ሰርቋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቈጨኝ መርሳታችን ነው። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. በዚሁ በሐይቆቹ አገር ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆኖ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ በ1899 ዓ.ም.፣ በኢንዶኔዢያ ሲመሉ በምትባል ደሴት ምድር ተናወጠችና ባሕሩ ተነሥቶ ብዙ ሰው ፈጀ። የዚያች ደሴት ሽማግሌዎች ለዚህ መዓት «ስሞንግ» የሚል ስም አውጥተው፣ ምድር በብርቱ ስትናወጥና ባሕሩ ሲሸሽ ወደ ኮረብታ መሮጥ እንደሚገባ ለልጆቻቸው በተረትም በዜማም አስተማሩ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ታላቁ ሱናሚ መጥቶ በልዩ ልዩ አገሮች 230,000 ያህል ሕዝብ ሲያልቅ፣ ለመነሻው እጅግ ቅርብ በሆነችው በሲመሉ ከ70,000 ከሚበልጠው ሕዝብ የሞተው ሰባት ሰው ብቻ ነበር። ያው ማዕበል ሰባት ሰዓት ያህል ውቅያኖሱን አቋርጦ ከጎረቤታችን ከሶማሊያ ጠረፍ ሲደርስ ግን 300 የሚጠጋ ሰው ገደለ። ሲመሉ የነበራት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ዕውቀት ግን ነበራት። የሶማሊያ ዓሣ አጥማጆች ሰባት ሰዓት ነበራቸው፤ ነጋሪ ግን አልነበራቸውም።

እኛስ? በኦጎልቾ ገበያ ቁሙና ስለ 1898 ዓ.ም. መንቀጥቀጥ ጠይቁ፤ ስንት ሰው እንደሚመልስላችሁ ታያላችሁ። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴ ፈረሰች፤ በ1961 ዓ.ም. ሰርዶ ፈረሰች። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ተናውጦ በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ከቀዬው በተነሣ ጊዜ ግን ከዚህ በፊት ያልሆነ ነገር የሆነ ያህል ተደነቅን። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይህ ነው። ከዚህም የሚብሰው «ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ትናወጣለች» እያለ በስልክ ወሬ የሚነዛው ነው። የምድርን መናወጥ በቀንና በሰዓት አስቀድሞ የሚያውቅ ሊቅ በዓለም የለም። የሚያስፈራን ወሬ በብርቱ እናሠራጫለን፤ የሚያድነን ትምህርት ግን ይከብደናል።

ድርቅም እንዲሁ ነው። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ዝናቡን ያስቀረ ሰው የለም፤ ረኀቡን የደበቀ ግን ሰው ነበር። በሌላው የአገራችን ክፍል እህል ሳለ ወገናችን በመንገድ ዳር አለቀ። ሰማዩ ዝናብ ከለከለ፤ የረኀቡን ወሬ የከለከለው ግን ሰው ነው። የዮሴፍ ታሪክ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ይነገራል። ዮሴፍ ድርቁ ከላይ እንደ ሆነ እያወቀ እጁን አላጣጠፈም፤ በጥጋቡ ዘመን ጎተራ ሞላ። ከርሱ የበለጠ አማኝ ነኝ የሚል ካለ ጎተራውን ያሳየን።

«እኛ ድሆች ነን፤ በምን አቅማችን?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ድህነት እውነት ነው፤ ጥሩ ቤት ገንዘብ ይጠይቃል። ነገር ግን ሲመሉ የዳነችው በሀብት አይደለም። ጎርፍ በሚወርድበት ቦይ አፍ ላይ ጎጆ አለመቀለስ ገንዘብ አያስወጣም። ለጭቃ ቤት ማገሩን አጥብቆ ማሰር፣ ከራስጌ ከባድ ዕቃ አለመስቀል፣ ምድር ስትናወጥ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር መግባት፣ በሜዳ ከሆኑም ከግድግዳ መራቅ ልብ ይጠይቃል እንጂ ብር አይጠይቅም። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ እንዳይወስድ በተዳፋቱ ላይ እርከን መሥራትና ዛፍ መትከልም ጉልበት ነው የሚፈልገው፤ ጉልበት ደግሞ በእናንተ አለ።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ሽማግሌዎቻችሁን ጠይቁ። የትኛው ዓመት ዝናብ እንደ ቀረ፣ ጎርፉ እስከየት እንደ ደረሰ፣ መሬት መቼ እንደ ተናወጠች በደብተራችሁ ጻፉ፤ ለታናናሾቻችሁም አንብቡላቸው። ቤት ስታሠሩ ግንበኛውን «ፌሮው የታለ?» በሉት። ጸልዩ፤ ጸሎታችሁን ግን ለስንፍናችሁ መሸፈኛ አታድርጉት።