ስለ መኪና እሽቅድምድምና ስለ መምህር መስተዋት

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ መጻፍ ልማዳችን ነው፤ ዛሬ ግን ልጆቻችንን ስለሚያስተምሩት መምህራን ጥቂት ቃል ለመናገር አሰብን። ነገራችንን የምንጀምረው ከመኪና ስለሆነ፤ ይህ ከትምህርት ጋር ምን አገናኘው ሳትሉ እስከ መጨረሻው እንድትከተሉን እንለምናለን።

መኪናና ዘመናዊ ትምህርት ቤት ወደ አገራችን የገቡት በተቀራረበ ጊዜ ነው። በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ነገር ግን ሁለቱን የያዝንበት መንገድ አንድ አይደለም። መኪና ቢቆም መካኒኩ ሞተሩን ከፍቶ የጎደለውን ይመረምራል እንጂ መኪናውን ሰነፍ ብሎ አይሰድበውም። ልጅ ትምህርት ባልገባው ጊዜ ግን ብዙዎቻችን ልጁን ሰነፍ ነው ብለን ፈርደን ነገሩን እንዘጋዋለን።

በ1903 ዓ.ም. በግንቦት ወር፤ ማለት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1911፤ በአሜሪካ አገር በኢንዲያናፖሊስ ከተማ 805 ኪሎ ሜትር ያህል የሚነዳበት ታላቅ እሽቅድምድም ለመጀመሪያ ጊዜ ተደረገ። 40 መኪናዎች ተሰለፉ። ሌሎቹ ነጂዎች በአጠገባቸው አንድ አንድ መካኒክ አስቀምጠው ነበር፤ የእርሱም ሥራ ሞተሩን መጠበቅና ከኋላ የሚመጣውን አይቶ ለነጂው መንገር ነበር፤ በእኛ አገር የአውቶቡስ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ሬይ ሃሩን የተባለው ግን ብቻውን ተቀመጠ። ተወዳዳሪዎቹ ኋላውን የማያይ ሰው ለሁላችን አደጋ ነው ብለው በተቃወሙት ጊዜ፤ ቀድሞ በፈረስ ጋሪ ላይ ያየውን አስታውሶ ከፊቱ መስተዋት አቆመ፤ ከ6 ሰዓት ተኩል በላይም ነድቶ አሸነፈ። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን መንገዱ በጡብ የተነጠፈ ስለ ነበረ መስተዋቱ እየተንቀጠቀጠ ምንም እንዳላሳየው ራሱ ተናገረ።

መምህርም በክፍሉ ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ነጂ ነው። ፊቱን ወደ ሰሌዳው ባዞረ ጊዜ ከጀርባው ማን እንደ ቀረ አያይም። መስተዋት የሚሆነው የገዛ ክፍሉን መመርመር ነው፤ ይህንም ሊቃውንቱ ተግባራዊ ምርምር ይሉታል። ከጀርመን አገር ወደ አሜሪካ የተሰደደው የሥነ ልቡና ሊቅ ኩርት ሌዊን፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ስለዚህ አሠራር ሲጽፍ፤ ማቀድ፤ መሥራት፤ ከሥራው የተገኘውን መመርመር፤ እንደ ገናም ማቀድ እያለ እንደ ክብ የሚዞር መሆኑን አስረዳ። ይህም የእሽቅድምድም ዙር ይመስላል፤ ነጂው አንድ ዙር ዞሮ ሰዓቱን አይቶ መኪናውን አስተካክሎ ሁለተኛውን እንደሚዞረው ነው። በአገራችንም የመምህራን ሥልጠና በ1995 ዓ.ም. ገደማ በታደሰ ጊዜ ይህ ምርምር የሙያው አንድ ክፍል ሆኖ ገብቷል።

ምሳሌውን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ታላቅ መንገድ ላይ ካለችው ከከሚሴ እንውሰድ፤ እርስዋም በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያለባት ናት። በዚህ አገር ያለ ልጅ በእናቱ ቋንቋ በኦሮምኛ ማንበብ ይማራል፤ የሚያነበውም በ1984 ዓ.ም. በይፋ በተመረጠው በቁቤ፤ ማለት በላቲን ፊደል ነው። አማርኛን በግዕዝ ፊደል ይጨምራል፤ እንግሊዝኛንም እንደ ገና በላቲን ፊደል ይማራል። እንግዲህ ችግሩን ተመልከቱ። በቁቤ «ሲ» የተባለችው ፊደል ድምፅዋ «ጭ» ነው፤ «ኤክስ» የተባለችውም ድምፅዋ «ጥ» ነው። ልጁ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ «ካት» የሚለውን የድመት ስም ባየ ጊዜ «ጨት» ብሎ ቢያነብ፤ ጫት በሚታወቅበት አገር ክፍሉ ሁሉ ይሥቅበታል። ልጁም አፍሮ ዝም ይላል። እርሱ ግን የተማረውን በትክክል አነበበ እንጂ አልሳተም።

ይህን ያልመረመረ መምህር ልጁን ሰነፍ ይለዋል። የሚመረምረው ግን እንዲህ ያደርጋል እንበል። አስቀድሞ አሥር ቃላት ሰጥቶ ከ50 ልጆች ስንቱ እንደ ተሳሳቱ፤ በየትኛዋም ፊደል እንደ ተሰናከሉ ይቆጥራል፤ ይህ የመጀመሪያው ዙር ነው። ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል፤ የቁቤውን ድምፅ ከእንግሊዝኛው ጎን ለጎን በሰንጠረዥ ጽፎ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ በየቀኑም ለአሥር ደቂቃ ያስነብባቸዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ በክብደት እኩል የሆኑ ሌሎች አሥር ቃላት ሰጥቶ ይቆጥራል፤ ያንኑ ቃል መልሶ ቢሰጥ ማስታወሳቸውን እንጂ ማንበባቸውን አያውቅምና። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ቢለውጥ ደግሞ የትኛው እንደ ጠቀመ አይለይም፤ ጎማና ነዳጅ በአንድ ዙር የለወጠ ነጂ መኪናው ለምን እንደ ፈጠነ እንደማያውቅ ማለት ነው። የራሱም መስተዋት እንደ ሃሩን መስተዋት ሊንቀጠቀጥ ስለሚችል፤ አንድ የሥራ ባልደረባው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያየውን እንዲነግረው ይለምናል።

አሁን ወደ ፍሬ ነገራችን ደረስን። በሁለተኛው ዙር «ሲ» ተስተካክላ «ኤክስ» ግን እንደ ነበረች ብትቀር መምህሩ ይህን ይጽፈዋልን? ብዙ ጊዜ ምርምሩ ለደረጃ ዕድገት ወደ ማኅደር የሚገባ ወረቀት ስለሆነ፤ ሁሉ ተሳካ ብሎ ለመጻፍ ይፈተናል። የዘገየውን ዙር ፈጠነ ብሎ የሚመዘግብ ሰዓት ያዥ ግን ነጂውን ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። ስለዚህ በሹመት ላይ ያላችሁ ክቡራን ሆይ፤ ያልተሳካለትን በእውነት የጻፈ መምህር ከፊታችሁ በቀረበ ጊዜ አትንቀፉት፤ ቀጥሎ ምን ልትለውጥ አሰብህ ብላችሁ ጠይቁት እንጂ። ይህን የምንለው ጊዜው ውድ ስለሆነ ነው። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ጦርነቱ ከሚሴ ደርሶ ነበር፤ ብዙ የትምህርት ጊዜ የባከነባቸው ልጆች በሐሰት ወረቀት የሚባክን ሌላ ዓመት ሊጨመርባቸው አይገባም።

ነገር ግን ምሳሌያችን በአንድ ነገር ይጎድላል። በእሽቅድምድም አንዱ ሲያሸንፍ ሌሎቹ ይቀራሉ፤ በክፍል ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ድል ሽንፈት ነው። በዚሁ ዞን ወዳለችው ወደ ባቲ ለሰኞ ገበያ የሚወርዱትን ግመል ነጂዎች እንመልከት፤ ሲራራው የሚጓዘው በፈጣኑ ግመል ሳይሆን በመጨረሻው ግመል እርምጃ ነው፤ ጭነቱም ገበያ ደረሰ የሚባለው የመጨረሻው ሲደርስ ነው። መምህርም የክፍሉን ሰዓት የሚይዘው በኋለኛው ወንበር በተቀመጠው ልጅ ነው።

እናቶችና አባቶች ሆይ፤ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት በተመለሰ ጊዜ ስንተኛ ወጣህ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁት፤ ዛሬ ያልገባህ ምን ነበር ብላችሁ ጠይቁት፤ የነገራችሁንም በቁጣ ሳይሆን በትሕትና ለመምህሩ አድርሱለት። እንዲህ ብታደርጉ ለመምህሩ ከኋላው የሚያይለት ረዳት ሆናችሁ ማለት ነው።