«ፋኖሱን አንሳ»፦ አሮጌዎቹ የኮምፒዩተር መጽሔቶች ምን ያስተምሩናል?

የኮምፒዩተር ጨዋታ ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው በቀለማት የደመቀ ተንቀሳቃሽ ምስል ነው። ይሁንና አንድም ሥዕል ሳይኖራቸው ተጫዋቹን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የሚነሡ ጨዋታዎች ነበሩ። ኮምፒዩተሩ ቦታውን በጽሑፍ ይገልጻል፤ ተጫዋቹም «ፋኖሱን አንሳ»፣ «ወደ ሰሜን ሂድ» እንደ ማለት ያለ ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ከእነዚህ ቀዳሚ የሆነውን «አድቬንቸር» ዊል ክራውዘር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲሠራ መነሻ ያደረገው ራሱ ገብቶ ያጠናውን የኬንታኪ ዋሻ ነበር።

እኛን ይበልጥ የሚማርከን ግን የዘመኑ መጽሔቶች ጨዋታዎቹን የያዙበት መንገድ ነው። አንዳንዶቹ መንገድ የጠፋበት ተጫዋች ፍንጭ የሚያገኝበት ቋሚ ዓምድ ነበራቸው። «ባይት» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ደግሞ በታኅሣሥ 1980 እ.ኤ.አ. እትሙ የስኮት አዳምስን የባሕር ወንበዴዎች ጨዋታ ፕሮግራም መስመር በመስመር አተመ። በዚያው ዓመት ነሐሴ «ፕራክቲካል ኮምፒዩቲንግ» በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ኬን ሪድ የጨዋታውን ካርታና ቃላት ከፕሮግራሙ ለይቶ በሠንጠረዥ የማስቀመጥን ዘዴ አስረዳ። ከዚህ ጽሑፍ የተነሣው ግሬም ዬንድል በ1983 እ.ኤ.አ. «ዘ ኩዊል»ን አወጣ። ፕሮግራም መጻፍ የማያውቁ ሰዎች 48 ኪሎባይት ማኅደረ ትውስታ ባለው ኮምፒዩተር የራሳቸውን ጨዋታ ደረሱ። አንድ የመጽሔት ጽሑፍ ብዙ አንባቢዎችን ደራሲ አደረገ ማለት ነው።

ይህ በአዳማ ለሚማር ተማሪ ምን ይጠቅመዋል? አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ጨዋታ ለመሥራት ውድ መሣሪያም ሆነ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ሁለተኛውና ዋናው የቋንቋ ጉዳይ ነው። በእንግሊዝኛ ግሡ ይቀድማል፤ ስሙም ቅርጹን አይለውጥም። በአማርኛ ግን ግሡ መጨረሻ ይመጣል፤ «ፋኖስ»ም «ፋኖሱን» ይሆናል። በመዝገቡ «ፋኖስ» ብቻ ያለው ኮምፒዩተር ይህን ቃል አያውቀውም።

መፍትሔው በፊደላችን ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. የገባበት ዩኒኮድ 3.0 ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሆሄያት በተከታታይ ቁጥር አስቀምጧቸዋል። ስለዚህ «ን»ን ቆርጠን በ«ሱ» ቁጥር ላይ 4 ብንደምር «ስ»ን እናገኛለን። በዚሁ ሕግ «በሩን» ወደ «በር»፣ «ቁልፉን» ወደ «ቁልፍ» ይመለሳሉ። «ታንኳውን» ግን እምቢ ይላል፤ ሌላ ሕግ ያሻዋል። በአፋን ኦሮሞም ግሡ መጨረሻ ቢመጣም የቃላቱ አረባብ የራሱን ሕግ ይጠይቃል። ሕግ ማውጣት፣ መፈተን፣ ሲሰበር ማረም፦ በፊዚክስ ቤተ ሙከራም የምንሠራው ይህንኑ ነው።

ማሽን ከሰው ጋር በሚያወጋበት በዛሬው ዘመን ይህ ያረጀ ነገር ነው የሚል ይኖራል። እኛ ግን ትንሹን ማሽን በቋንቋው ያላዘዘ ተማሪ የትልቁን ማሽን መልስ ለመመርመር ይቸገራል እንላለን። የተዘጋጀ ነገር ተቀባይ ሆኖ እንዳይቀር ያሰጋናል።

ስለሆነም ይህ መጽሔት በየእትሙ አንድ ገጽ ለተማሪዎች ፕሮግራም እንዲሰጥ ሐሳብ እናቀርባለን። ካርታውን ከሩቅ መፈለግ አያሻም። ከአዳማ ወደ ምዕራብ ሞጆ፣ ከሞጆ ወደ ደቡብ መቂና ባቱ፣ ከዚያም በዝዋይ ሐይቅ ላይ በጀልባ ቱሉ ጉዶ ደሴት አለ። ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን አምስት ቦታዎችና ዐሥር ትእዛዞች ጽፈው ይላኩልን።